የሃያ ሁለቱ ሴቶች ቅቤ

አቶ ኤርካሎ ሰው አያምንም። ይህን የምለው ላማው ብዬ አይደለም፤ ራሱም ቢጠየቅ አይክድም። ሃያ ሰባት ዓመት ሙሉ ወላይታ ሶዶ ውስጥ በአንዲት የምርመራ ላቦራቶሪ የሠራ ሰው ነው፤ ሥራውም መጠራጠር ነው። ውሃ ያመጡለታል፣ ዱቄት ያመጡለታል፣ ማር ያመጡለታል፤ እሱ ደግሞ "እስቲ ሆዱ ውስጥ ምን ደብቋል?" እያለ በአሲድ ያቃጥለዋል። ሁለት ነገር ይለየዋል፦ ናይትሪክ አሲድ ቢጫ አድርጎ ያስቀራቸው የጣቶቹ ጫፎች፣ እና ደረጃ ሲወጣ ከእሱ ቀድሞ ቢሮ የሚደርሰው ሳሉ።

እንዲህ ባለ ሰው ላይ ነው እንግዲህ ሶልያና የመጣችበት።

ሶልያና የሁለተኛ ዲግሪዋን ጥናት የምትሠራ የሃያ ስድስት ዓመት ልጅ ነች። ቅቤ ውስጥ እንደ እርሳስ ያሉ ከባድ ብረቶች ቢኖሩ፣ ኢምንት ታህል እንኳ ብትሆን፣ አካባቢን በማይጎዳ ዘዴ ነጥሎ አውጥቶ መለካት ይቻላል ባይ ናት። እርሳስ ስል የመኪና ባትሪ ውስጥ ያለውን፣ ደም ውስጥ ሲገባ የሕፃናትን አእምሮ የሚያደነዝዘውን ማለቴ ነው። በመጀመሪያው ቀን ቦርሳዋን ከፈተችና ጠረጴዛው ላይ ግማሽ ኪሎ ስኳር፣ አንድ ብልቃጥ ሎሚ ውስጥ የሚገኝ የአሲድ ዱቄትና አንድ ጠርሙስ የተጣራ ውሃ ደረደረች።

ኤርካሎ መነጽሩን ግንባሩ ላይ ሰቀለ። "ሻይ ልታፈዪልን ነው?" አላት።

"መሟሟቻዬ ነው፣ ጋሽ ኤርካሎ" አለችው፣ ሳትቆጣ። "ስኳሩንና የሎሚውን ዱቄት ከትንሽ ውሃ ጋር ሳሞቃቸው እንደ ማር ይወፍራሉ። ከቀለጠ ቅቤ ጋር ስንጣቸው ብረቱን ከቅባቱ ለይተው ይዘው ወደ ታች ይወርዳሉ። ከዚያ ታችኛውን ወስደን በማሽኑ እንለካዋለን። ጭስ የለው፣ መርዝ የለው። ሲያልቅ ቢደፋ እንኳ ሣር አያደርቅም።"

ሣር ስትል በመስኮቱ ወደ ጓሮ አየች። ጓሮው ውስጥ የአሲድ እጣቢ የሚደፋበት ጉድጓድ አለ፤ ዙሪያው ሃያ ዓመት ሣር በቅሎበት አያውቅም። ልጅቷ እንዲያው ዓይኗን አሳርፋ ይሆናል፤ ኤርካሎ ግን ስድብ አድርጎ ወሰደው። "ይቺ ልጅ የእኔን ዕድሜ ልክ ሥራ በስኳር ልትገለብጠው ነው የመጣችው" አለ በሆዱ። ከዚያች ሰዓት ጀምሮ በጎሪጥ ያያት ጀመር።

በሳምንቱ ሶልያና ንጹህነቱ የታወቀ ቅቤ አስፈለጋት። የገበያውን ቅቤ የምታነጻጽርበት፣ ምንም የሌለበት ቅቤ።

"ንጹህ ቅቤማ ከፈለግሽ ከእኔ ቤት ነው" አላት ኤርካሎ፣ ደረቱን ነፍቶ። አምኖ ከአፉ ያወጣት ብቸኛ ነገር ይህች ነበረች፤ ምነው ባላወጣት!

ነገሩ እንዲህ ነው። ሚስቱ አሳየሽ የሃያ ሁለት ሴቶች የቅቤ ዕቁብ ጠባቂ ናት። በወላይታ ለጊፋታ፣ ለዘመን መለወጫው፣ ወንዱ ለበሬ ያጠራቅማል፤ ሴቷ ለቅቤ። በየአሥራ አምስት ቀኑ ሴቶቹ እያንዳንዳቸው አንድ ጣሳ ቅቤ ይዘው አሳየሽ ቤት ይመጣሉ፤ ቅቤው ትላልቅ ማሰሮ ውስጥ ይጠራቀምና መስከረም ሲጠባ ይካፈሉታል። ያ ቅቤ የሌላት ሴት ሙቹዋውን፣ ያንን የቆጮ ምግብ፣ በምን ታርሰዋለች? እንግዳ ፊት ደረቅ ቆጮ ከማቅረብ መሬት ተሰንጥቃ ብትውጣት ይሻላታል። ፕሮቴስታንቷም ኦርቶዶክሷም እዚህ ላይ አንድ ናቸው። እና ይህን ሁሉ ቅቤ አሥራ አንድ ዓመት የጠበቀችው አሳየሽ ናት። በየዓመቱ "ሌላ ምረጡ" ትላለች፤ በየዓመቱ "ካንቺ ወዲያ ማን አለ?" ይሏታል።

አንድ ነገር ብቻ ተፈጥሮ ነበር። ከሦስት ዓመት በፊት አንዷ፣ ማን እንደሆነች እስከ ዛሬ አልታወቀም፣ ድንች ቀቅላ በቅቤ ሸፍና አመጣች። ወይ ጉድ! ከዚያ ወዲህ ማንም ሴት ድቡልቡል ቅቤ ሰጥታ አትሄድም። ከሰል ላይ ለዕቁቡ ብቻ የተለየ የአሳየሽ አንድ ጣሳ ይጣዳል፤ የእያንዳንዷ ቅቤው ሁሉም እያዩ እዚያው ይቀልጣል፤ የጣሳው ቂጥ እስኪታይ ይጠበቃል፤ ከዚያ ነው ወደ ማሰሮው የሚገለበጠው። እህት ለእህቷም ብትሆን ያቀልጡታል።

ኤርካሎ ከዚሁ ማሰሮ አንድ ብርጭቆ ቀድቶ ለሶልያና ወሰደላት። ማክሰኞ ዕለት ልጅቷ ፊቷ አመድ መስሎ መጣች።

"ጋሽ ኤርካሎ፣ ያመጡልኝ ቅቤ እርሳስ አለበት።"

"ምን አልሽ?"

"ከሚፈቀደው አሥራ አራት እጥፍ። ሦስት ጊዜ ደገምኩት።"

"ስኳርሽ ነዋ!" ብሎ ጮኸ። "ከሱቅ በገዛሽው ስኳር ቅቤ ትለኪያለሽ፣ ከዚያ የሰው ስም ታጠፊያለሽ!"

ሶልያና አልተከራከረችም። "እንግዲያው እርስዎ ይፈትኑኝ" አለችው።

ፈተናት፣ አሳምሮ ነው የፈተናት። ስድስት ብልቃጥ ቅቤ አዘጋጀ፤ አንዳንዱ ከማሰሮው፣ አንዳንዱ ከቢጠና ከተማ በሰው ያስመጣው፣ አንዱ ራሱ እርሳስ የጨመረበት። ቁጥር ብቻ ጻፈባቸው። ይባስ ብሎ ሰጥቷት ሲያበቃ፣ እሷ ምሳ ስትወጣ፣ የሦስትንና የአምስትን ቁጥር አቀያየረ። ሽማግሌ ሰው እንዲህ ያደርጋል? እሱ አደረገ።

ማታ መውጫ ላይ ሶልያና ወረቀቷን ይዛ መጣች። "ሦስትና አምስት ጠዋት ከነበሩበት ተቀያይረዋል መሰለኝ" አለችው፣ ዓይኑን ሳታይ። "ጠዋት ከሁሉም ትንሽ ትንሽ ቀንሼ አስቀምጬ ነበር።"

ስድስቱንም ልክ አግኝታቸዋለች። አመነ? ኧረ ምን በወጣው! በነጋታው አሮጌውን የአሲድ ምድጃውን ለኮሰ። የጭስ መሳቢያው ከተበላሸ ሁለት ዓመት አልፎታል፤ መስኮት ከፍቶ፣ አፉን በፎጣ አስሮ፣ አራት ሰዓት ሙሉ ቅቤውን በአሲድ ሲያነድ ዋለ። ቡናማው ጭስ ኮሪደሩን ሞላው። ሶልያና ለሳሉ ውሃ አመጣችለት፤ አልጠጣም። መጨረሻ ላይ ማሽኑ ቁጥሩን አወጣ፤ አሥራ አራት እጥፍ ከምናምን።

ያን ጊዜ ወንበር ስቦ ቁጭ አለ።

"ለማንም እንዳትነግሩ" አለ፣ ሶልያናንም ውጤት የምትመዘግበውን መቅዲንም እያየ። የመቅዲ አክስት ግን ከሃያ ሁለቱ አንዷ ናት። መቅዲ ክፉ ልጅ ሆና አይደለም፤ አክስቷ ያንን ቅቤ እንዳትበላ ፈርታ ደወለች። አክስቷ ደግሞ ለዓመለወርቅ ደወለች። ለዓመለወርቅ ከተነገረ በኋላ ሌላ ሰው መንገር አያስፈልግም።

ዓመለወርቅ ገበያ ውስጥ ቅቤ ስትሸጥ የኖረች፣ ምላሷ የማይዝል ሴት ናት። ወሬው እሷ ዘንድ ሲደርስ አሰበችበት፤ አስባም ፈታችው። "እርሳስ ከባድ ነው" አለች። "ትንሹ ብዙ ይመዝናል። አሳየሽ ቅቤያችንን እየቀነሰች ክብደቱን በእርሳስ ስትሞላው ኖራለች፤ አለቀ!" ንግግሯ የገበያ ሰው ንግግር ነው፤ ሰሚው ሁሉ "እውነት ነው" አለ። ቅቤ በሙዝ ሲቀየጥ፣ በድንች ሲቀየጥ ያየ ሕዝብ በእርሳስ ተቀየጠ ሲባል ምን ያስደንቀዋል?

ቅዳሜ አሳየሽ ገበያ ወጣች። ሰላም ስትላቸው ጎመን የሚመርጡ ይመስል አንገታቸውን ደፉ። አንዷ ከኋላዋ "አሥራ አንድ ዓመት ሙሉ!" አለች፣ እንድትሰማት አድርጋ። አሳየሽ የገዛችውን ሽንኩርት እዚያው ረስታ ቤቷ ገባች።

ራት ላይ ባሏን አየችው። "የቃለሕይወት አባት" አለችው፤ ቃለሕይወት ሐዋሳ ያለው የበኩር ልጃቸው ነው። "ሰው የሚለውን ሰምተሃል። አንተስ ምን ትላለህ?"

እንዴት ያለ ጥያቄ ነው! ሌላ ባል ቢሆን ጠረጴዛ ይመታ ነበር፤ "ማንም ያሻውን ይበል፣ እኔ አውቅሻለሁ" ይል ነበር። ኤርካሎ ግን ጉርሻውን ዋጠና "ምርመራው ገና አላለቀም" አላት።

አሳየሽ ሳህኑን አነሳች።

እሱም አልተኛም። ጣራውን እያየ ነገር ሲያመነዥክ አደረ። ማሰሮው ያለው እሷ ጓዳ ነው። ጠባቂዋ እሷ ናት። በዚህ ዓመት ለልጁ ሠርግ ብላ ብዙ ነገር አዘጋጅታለች፤ ከየት አመጣችው? አይ፣ አሳየሽ? ሠላሳ ዓመት አብራኝ የኖረችው? ደግሞ ሰው ይታወቃል እንዴ? እንዲህ እያለ ራሱን በላ። አንዴ መጠራጠር የለመደ ሰው፣ ልቡ አጥር አያውቅም።

እሁድ ጠዋት ጉልበቴን አመመኝ ብሎ ቀረ። አሳየሽ ነጠላዋን አጣፍታ ቸርች ሄደች። ድምጿ ከበሩ እንደራቀ ኤርካሎ ተነሳና ወደ ጓዳ ገባ። የዕቁቡን ማሰሮ አልነካም፤ የነካው ጥጉ ላይ ያለውን ትንሹን፣ አሳየሽ ለቤቷ የምታስቀምጠውን የራሷን ማሰሮ ነው። ሐሳቡ ገባችሁ? እርሳሱን የጨመረችው እሷ ከሆነች፣ በዚያው እጅና በዚያው ማንኪያ የምትነካው የራሷ ቅቤም ዱካው አይጠፋበትም። በማንኪያ ጨልፎ ብልቃጥ ውስጥ ከተተ፤ ላዩን በጣቱ አስተካክሎ፣ ክዳኑን ገጥሞ፣ አልጋው ላይ ተመልሶ ተጋደመ። አሳየሽ ስትመለስ "ተሻለህ?" አለችው። "ተሻለኝ" አላት።

ሰኞ ሰው ሳይገባ ላቦራቶሪ ደረሰ። አሲድ ቢለኩስ ጭሱ ያጋልጠዋል፤ መቅዲ "የምን ምርመራ ነው?" ትላለች። ምን አማራጭ አለው? የሶልያናን ስኳርና የሎሚ ዱቄት አወጣ። እሷ ስታደርግ በጎሪጥ ሲያይ የከረመውን አንድ በአንድ አደረገ፤ አሞቀ፣ አወፈረ፣ ከቀለጠው ቅቤ ጋር ናጠ፣ አሽከረከረ። ሽታ የለው፣ ጭስ የለው፤ ሌባ የሚመኘው ዓይነት ዘዴ ሆኖ አገኘው።

ማሽኑ ምንም አላነበበም። ንጹህ ነበር።

ኤርካሎ መጀመሪያ ተነፈሰ። ቀጥሎ እንደገና ተጨነቀ። የቤቱም ቅቤ የዕቁቡም የአሳየሽ ድርሻ ከአንድ ላም፣ ሲጎድልም ከአንድ ገበያ ነው የሚመጣው። እጇም አንድ ነው፣ ጓዳውም አንድ ነው። ማሰሮዎቹንም አንድ ቀን ከአንዲት ሸክላ ሠሪ ነው የገዛቻቸው። ታዲያ የዕቁቡ ቅቤ የሚያልፍበት፣ የቤቱ ቅቤ የማያልፍበት መንገድ ምንድን ነው?

"ጣሳው" አለ ድምፁን አውጥቶ።

በምሳ ሰዓት ባጃጅ ይዞ ቤቱ በረረ። ጣሳው ማድ ቤት ሚስማር ላይ ተሰቅሏል። አወረደና ወደ ብርሃን ይዞት ወጣ፤ ገለበጠው። ስፌቱን በጣቱ ዳሰሰ።

ትዝ አለዋ! ጥር ላይ የጣሳው ስፌት ከእሳቱ ብዛት ተከፍቶ ቅቤ ሲያፈስ አሳየሽ "እስቲ ይህን ጠግንልኝ" ብላ ሰጥታው ነበር። እሱም ማሽን ሲበላሽ ከሚጠግንበት የእርሳስ ሽቦ ቆርጦ፣ አቅልጦ፣ ስፌቱን ዙሪያውን በውጭ በኩል ሞልቶ ደፈነው። የስንዴ አገዳ ያህል ወፍራም አድርጎ ነበር፤ "አሁን መቼም አይከፈት" ብሎ ተመጻድቆበታል። በሰባት ወር ውስጥ ስንት ጊዜ ከሰል ላይ ተጣደ? ሽቦው በየጊዜው እየለሰለሰ በስፌቱ ስንጥቅ ወደ ውስጥ ሲሰርግ ኖሯል። አሁን የቀረው ክር የሚያህል ነው። የቀረውስ የት ሄደ? ሃያ ሁለት ሴቶች በላዩ ላይ ተጎንብሰው፣ አንዷ ሌላዋን እየጠበቀች፣ ዓይናቸው እያየ ወደ ቅቤያቸው አቅልጠውታል።

የላቦራቶሪ ሰው! ሃያ ሰባት ዓመት የሌላውን እርሳስ ሲፈልግ የኖረ!

ክፉ ሐሳብ አልመጣለትም አልልም። መጣለት። ጣሳውን ሽንት ቤት ጉድጓድ ቢጥለው ማን ያውቃል? የሶልያና ዘዴ ገና ያልጸደቀ ነው፤ "ውጤቱ አያስተማምንም" ብሎ ቢፈርም ነገሩ ይቀበራል፤ የአሳየሽም ስም ይመለሳል። ሴቶቹም ቅቤውን ይካፈላሉ። ከዚያ ልጆቻቸው በጊፋታ ሙቹዋውን በዚያ ቅቤ አርሰው ይበላሉ። የሰፈሩን ልጆች አንድ በአንድ አሰባቸው። ጣሳውን በጋዜጣ ጠቀለለና ይዞት ወደ ሶልያና ሄደ።

ረቡዕ ከሰዓት ሴቶቹ አሳየሽ ግቢ ተሰበሰቡ። ሊፋረዱ ነው የመጡት። ከእንሰቱ ሥር አግዳሚ ወንበር ተደርድሮ፣ ትላልቆቹ ማሰሮዎች መሐል ላይ ተቀምጠዋል። አሳየሽ ብቻዋን በረንዳው ላይ ነበረች፤ ከጎኗ የተቀመጠ የለም። ኤርካሎ ከሶልያና ጋር ገባና መሐል ቆመ።

"እርሳሱን ቅቤው ውስጥ ያስገባሁት እኔ ነኝ" አለ። ጣሳውን ገልብጦ አሳያቸው። ጥር ላይ ያደረገውን፣ ሽቦው እንዴት እንዳለቀ፣ አንድም ሳያስቀር ተናገረ።

ሴቶቹ እርስ በርስ ተያዩ። ቀጥሎ ማጉረምረም ሆነ። ዓመለወርቅ ነጠላዋን አስተካክላ ተነሳች።

"ጥሩ ባል ነህ" አለችው። "ሚስቱን የሚሸፍን ጥሩ ባል።"

"እኔ አልሸፈንኩም፤ ታዩታላችሁ" አለና ወደ ሶልያና ዞረ። ልጅቷ ሞቅ ያለውን ስኳርና ሎሚ ከፔርሙስ ጣሳው ውስጥ ቀዳች፤ ሌላውን ደግሞ ዓመለወርቅ ራሷ ባመጣችው ኩባያ ውስጥ ቀዳች። ነቀነቀቻቸው። ከዚያ እርሳስ ሲነካው የሚቀላ ወረቀት አወጣች።

"ቆይ ቆይ!" አለች ዓመለወርቅ። "ይሄ መድኃኒታችሁ ራሱ መርዝ ቢሆንስ? የሚያቀላው እሱ ቢሆንስ? ይጠጣና እንየው!"

አሮጌው አሲድ ቢሆን ኖሮ እንኳን ሊጠጣ ግቢው ውስጥም አይገባ ነበር። ኤርካሎ ፔርሙሱን ተቀበለና ኩባያ ሙሉ ቀድቶ ግጥም አድርጎ ጠጣው። ሃያ ሁለት ሴቶች ይወድቃል ብለው ጠበቁት። አፉን ጠረገና ወደ ሶልያና ዞሮ "ስኳር በዝቶበታል" አላት። አንድ ሁለቱ ሳያስቡት ሳቁ።

ወረቀቱ የዓመለወርቅ ኩባያ ውስጥ ሲነከር እንደ ነበረ ቀረ። ጣሳው ውስጥ ሲነከር ቀላ። ሴቶቹ ተራ በተራ እየመጡ አዩት። "በእውነት እኮ ቀላ" አለች የመቅዲ አክስት።

ዓመለወርቅ ግን በቀላሉ የምትፈታ ሴት አይደለችም። "ሚካኤልን፣ እኔ ዓይን አለኝ" አለች። "ጣሳው እርሳስ አለው፤ እሺ። ትናንት ለዚሁ ብለህ ቀብተኸው እንዳልመጣህ በምን አውቃለሁ? አሳየሽስ ሌላ አልጨመረችም ያለው ማነው? ባሏ አይደለህም እንዴ? ለእሷ ካልዋሸህ ለማን ልትዋሽ ነው?"

"እውነቷን ነው፣ ባሏ ነው" አሉ ከኋላ። ነገሩ ተመልሶ ወደ ነበረበት ሄደ። ኤርካሎ ዞሮ በረንዳውን አየ፤ አሳየሽ እጆቿን ጭኗ ላይ አድርጋ መሬት መሬት ታያለች። ዕድሜ ልኩን እውነት ፍለጋ በአሲድ ሲያነድ የኖረ ሰው፣ አሁን እውነት ይዞ ሰሚ አጣ። ደሙ ፈላ።

"ለእሷ እዋሻለሁ?" ብሎ ጮኸ። "እኔ? ከሁላችሁም በፊት የጠረጠርኳት እኔ ነኝ! እሁድ ታምሜአለሁ ብዬ ቀርቼ፣ እሷ ቸርች ስትሄድ የራሷን ማሰሮ ከፍቼ ቅቤዋን ሰርቄ መረመርኩ። ላገኝባት ነበር የፈለግሁት! አላገኘሁም። ንጹህ ነው። ጣሳው ላይ የደረስኩት በዚያ ነው። አሁንስ ሸፈንኳት?"



"ሰርቀህ?" አለች ዓመለወርቅ፣ ድምጿ ወርዶ።

"ሰርቄ።"

"የገዛ ሚስትህን?"

"የገዛ ሚስቴን።"

ዓመለወርቅ እጇን አፏ ላይ አደረገች። በዚህ ውስጥ ውሸት እንደሌለ ገባት፤ ለሚስቱ ሊዋሽ የመጣ ሰው ይህን አይናገርም። ሁሉም ገባቸው። ጣሳው ያላሳመናቸውን፣ ወረቀቱ ያላሳመናቸውን ሴቶች ይህች አንዲት ነገር አሳመነቻቸው። ዓመለወርቅ ቀድማ ወደ በረንዳው ሄደችና አሳየሽ ጉልበት ላይ ወደቀች። "አፈር ልብላልሽ፣ ይቅር በይኝ" አለች። ሌሎቹም ተከተሉ። አሳየሽ እያንዳንዷን ከመሬት እያነሳች ሳመች። "ይቅር ብያለሁ፣ ተነሺ" አለቻቸው፣ ሃያ አንዱንም። ቅቤው ራቅ ብሎ በጥልቅ እንዲቀበር ተስማሙ፤ ለጊፋታ የሚሆን እያንዳንዷ የቻለችውን ልታመጣ፣ ኤርካሎም አቅሙ የፈቀደውን ሊተካ። ሶልያና ዕቃዋን ሰብስባ ማንንም ሳታይ ወጣች።

ዳመናው ከብዶ ነበር። ሁሉም ሲሄዱ አሳየሽ ወንበሮቹን መሰብሰብ ጀመረች። ኤርካሎ ሊያግዛት ጠጋ አለ።

"አሁን ሁሉም አለቀ" አላት። "ስምሽ ነጻ ወጣ።"

"ጉልበቴን አመመኝ ያልከኝ ቀን ነው?" አለችው።

"አዎ።"

"እኔ እኮ ቸርች ስለ ጉልበትህ ጸለይኩ። ተነስቼ ጉባኤውም እንዲጸልይልህ ጠየቅሁ።"

ኤርካሎ ያነሳውን ወንበር መልሶ አስቀመጠ። "ንጹህ ሆነ እኮ፣ አሳየሽ" አለ።

"ባይሆንስ ኖሮ?"

ኤርካሎ ቢጫ የሆኑትን የጣቶቹን ጫፎች አየ። 

"እነሱ በየገበያው ሰደቡኝ፤ ፊቴ ላይ ነው የሰደቡኝ" አለች አሳየሽ፣ የመጨረሻውን ወንበር ግድግዳው ላይ እያስደገፈች። "ሃያ አንድ ናቸው። አንዷም ማሰሮዬን አልከፈተችም።"

ወደ ውስጥ ገባች። ጓዳ ውስጥ የማሰሮ ክዳን ሲነሳ፣ ተመልሶም ሲከደን ሰማ። ከዚያ ወጥታ የጓዳውን በር ሳበችና ቆለፈችው። ያ ቁልፍ ሠላሳ ዓመት በሩ ላይ እንደተሰካ ነበር የሚውለው፤ አሁን ነቅላ በነጠላዋ ጫፍ ቋጠረችው።

"ራትህ ቀርቧል፣ ግባና ብላ" አለችው።